አራት ሰከንድ

ስሟ ሳቱ ነው። በአገሯ፣ በፊንላንድ፣
ተረት ማለት ነው፤ ለልጅ የሚነገር፣ ውጭው በረዶ ሆኖ ምድጃ ሲነድ።
በእኔ ቋንቋ ግን ሌላ ነው፤ አልነገርኳትም፤
ስም አይተረጎምም።

ቀን ቀን ትራም ትነዳለች፣ ከሆስፒታል እስከ ሐይቅ ዳር፤
ማታ ምድር ቤት ትወርዳለች፣ ከሽቦና ከአዝራር ጋር።
ድሮ ጥጥ የሚፈተልበት፣ የታምፔሬ ቀይ ጡብ ነው ቤቱ፤
ፏፏቴው በጓሮው ያልፋል፣ አይቆምም ቀንና ሌቱ።
እዚያ ነው እናቷ ኢርሜሊ ሠላሳ አንድ ዓመት የሸመነች፤
መቶ ሃያ መሸመኛ ባንድ አዳራሽ ሲንጓጓ፣
ደሞዟን ተቀብላ፣ ጆሮዋን ከፍላ የወጣች።
አሁን የሰው ከንፈር ታነባለች፤
ወሬው ካልጣማት ዓይኗን ትጨፍናለች።

ሦስተኛ አልበሟን ሳቱ ከዚያው አዳራሽ ቀዳችው፤
ለጎብኚ የተረፈውን አንድ መሸመኛ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ሲያንቀሳቅሱት፣ ማይክ አስጠግታ ቀረጸችው።
ቆራረጠች፣ ዘረጋች፣ ከአጥንቱ ምት አወጣች፤
ቀጭን ሲንተሳይዘር በላዩ፣ እንደ ጉም አለበሰች።
ዘጠኝ ትራክ፤ ሁለት የበረዶ ዓመት፤
ስድስት ሺህ ዩሮ የባንክ ዕዳ፣ ወለዱ በየወሩ የሚቆጠርበት።
ሽፋኑ ግራጫ፤ ፎቶ የለው፤ ሦስት መቶ ሸክላ ታተመ፤
ሸክላ ነውና እንደ ስሙ፣ እጅ ሲበዛበት ታመመ።

ያልማሪ ኩርኪ የሚባል የሄልሲንኪ ሐያሲ ቀደመ፤
‹ፍሪጅ ከፍቶ እንደ መቆም ነው› ብሎ ሁለት ኮከብ ሸለመ።
ያን ሳምንት ደመና ነበር፤ ሳቱ ከሥራ ስትመለስ ቀና ብላ ስታይ፣
ከሁለቱ ሌላ ኮከብ አልነበረም በከተማው ላይ።
ሁለተኛው ሐያሲ በስሟ ፋንታ የሌላ ሰው ስም ጻፈ፤
ሦስተኛው ስለ ሽፋኑ ብቻ አትቶ አለፈ።
አራተኛዋ አድሪያኔ ፎስ፣ ከበርሊን፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈች፦
‹ስድስተኛው ትራክ መሃል አራት ሰከንድ ዝም አለች፤
የዘመኑን ጫጫታ ሁሉ በዝምታዋ ዳኘች።›

ከዚያ ወዲያ ጉድ ሆነ። ሸክላው በሁለት ቀን አለቀ፤
ኩርኪም ደግሞ ሰምቶ፣ ‹ብርዱ ትርጉም አለው› ሲል ብዕሩን አሞቀ።
ሁለት የነበረው ኮከብ በአንድ ጀምበር አራት ገባ፤
አልበሙ ግን ያው አልበም ነው፤ ሌሊቱን ጡት አልጠባ።
ከኦስሎ ጠሯት ለፌስቲቫል፤ ደብዳቤው ልመና ነው፦
‹ያቺን ዝምታ ትንሽ አርዝሚልን፤ ትኬቱን የሸጥነው በሷ ነው።›
የባንኩ ሰው እንኳ ደወለ፤ ‹ሰማሁት፣ አለቀስኩ› አለ፤
ወለዱን ግን አልነካካም፤ እንደነበረው ቀጠለ።

እውነቱን ሳቱ ታውቃለች፦ ያን ሌሊት፣ በእንቅልፍ ልብ፣
መሰኪያ በእግሯ ገፍታ ነው፤ የምን ድፍረት፣ የምን ጥበብ!
‹ውድ አድሪያኔ፣ ስህተት ነው› ብላ ጀመረች፤ ቀደደችው፤
ትራሙ ላይ፣ ቀይ መብራት ሲይዛት፣ በልቧ ደግማ አረመችው።
ያወገዟት ሳቱ፤
ያወደሷት ሳቱ፤
መሰኪያውን የገፋችውም ሳቱ፤
ስም ጥላ ነው፤ አይርቅ ከባለቤቱ።

እሑድ ኢርሜሊ መጣች፣ በጢስ የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልላ፤
ጋዜጣው ኩርኪ የጻፈበት ነው፤ ዘይቱ አራቱን ኮከብ በላ።
ድምፅ ማጉያውን ወለል ላይ አጋደሙት፤ ጫማዋን አወለቀች፤
ጣውላው ላይ ባዶ እግሯን አሳርፋ፣ ዓይኗን ከደነች።
አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፤ አንዴ ብቻ አንገቷን ነቀነቀች፦
‹ዘገምተኛ ነው፤ በዚህ አያያዝ ፎርማኗ ታባርረን ነበር› አለች።
ስድስተኛው ላይ፣ መሃል፣ ወለሉ ቀጥ አለ፤
እጇ ከሷ ቀድሞ ተነሳ፤ አየር ላይ ጫፍ ፈለገ፤
ሁለት ጣቷን አሻሸች፣ በመሃላቸው አንዳች እንዳለ።

‹ክር ተበጠሰ› አለች።
ወለሉ ተመልሶ ሲመታ ዓይኗን ገለጠች፤
የልጇን ከንፈር እየጠበቀች፣
‹መበጠሱንስ ይበጠስ፤ ክር ነው› አለች፤
‹ማን ነው የቋጠረው?›